በደቂቃ መቶ አሥራ ስምንት ቃል

መምህርት ሐመልማል ሰዓት ስትይዝ ቀና ብላ ሰው አታይም። ግራ እጇ ከስፖርት መምህሩ በተዋሰችው የሩጫ ሰዓት ላይ፣ ቀኝ እጇ እስክሪብቶ ላይ፣ ዓይኗ ደግሞ በራሷ ቅጂ ላይ ነው። ተማሪው ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ ሲያነብ እሷ ቃል በቃል ትከተለዋለች፤ የሳተውን በቀጭን ጭረት ትሰርዛለች፤ ደቂቃው ሲሞላ «በቃ» ትላለች። ከዚያ ትቆጥራለች። አማርኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አራቱን ያሳለፈችው ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ በሌለችበት «የሩጫ ዳኛ» ይሏታል። ታውቃለች። አልከፋትም፤ ዳኛ ካላጭበረበረ ምን ነውር አለው?

የሰባተኛ «ለ» ክፍል የንባብ ፈተና እንደ ወትሮው በስም ዝርዝር ተራ ነበር። ከሐ ይነሣል፣ በፈ ያልቃል። ሃምሳ ስምንቱም ተማሪዎች ያንኑ አንድ ምንባብ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብለው ያነቡና እዚያው ቆመው አምስት ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ተራው ያልደረሰ በወንበሩ ላይ የጽሑፍ ሥራውን ይሠራል። ምንባቡ ለሁሉም አንድ የሆነው ለአንዱ ቀላል ለሌላው ከባድ እንዳይደርስ ነው። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ሐመልማል ነበረች፤ ትኮራበትም ነበር። ፈተናው በጠቅላላ አምስት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ፋንቱ ቦጋለ፣ ተራ ቁጥር ሃምሳ ስምንት።

«የመጨረሻዋ ሯጭ ገባች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«ዝም በሉ። ፋንቱ፣ ዝግጁ ነሽ?»

«አዎ ቲቸር።»

ፋንቱ ቀጭን፣ የደንብ ልብሷ እጅጌ ያጠራት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን አነሣች፤ ሐመልማል ሰዓቱን ጫነች፤ ልጅቷ ጀመረች።

«ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጪ ነው ይላሉ የሰፈራችን አዛውንት...»

ድምፅዋ እንደ ወራጅ ውኃ ነው። ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አራት ነጥብ ላይ ታርፋለች፣ ጥያቄ ሲመጣ ድምፅዋን ታነሣለች። ሐመልማል ጭረት የምታሰምርበት ቃል አላገኘችም። «በቃ» ስትል ፋንቱ ሁለተኛውን አንቀጽ አጋምሳ ነበር። መቶ አሥራ ስምንት ቃል፤ ስሕተት የለም። ከክፍሉ የሚጠበቀው ዘጠና ነው።

ጥያቄዎቹም ችግር አልነበሩም። ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጣችው። የማታውቀውን ቃል ከአካባቢው ቃላት ተነሥታ ገመተችው። «‹ውኃ ጠጪ ነው› የሚለው እውነታ ነው ወይስ አስተያየት?» ስትባል ሳታመነታ፣ «‹ይላሉ› ስላለ አስተያየት ነው፤ የለካ ሰው የለም» አለች።

ሐመልማል ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። ፋንቱ ወረቀቱን ይዛው እንደነበረው አድርጋ ሰጠቻት።

በትምህርት ቤቱ ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም። ምንባቡ የተባዛው ባምናው የጽዳት ተረኞች ዝርዝር ጀርባ ላይ ነበር። ተራ ቁጥር ሃምሳ ሰባት የነበረው ልጅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ገልብጦታል። አሁን በሐመልማል እጅ ላይ ፊት ለፊት የሚታየው ሰንጠረዡ ነው፤ «ሰኞ፣ መጥረጊያ፤ ማክሰኞ፣ ውኃ መቅዳት፤ ረቡዕ፣ ሰሌዳ ማጽዳት»። የፋንቱ ላብ ያራሰው አውራ ጣት ከረቡዕ አጠገብ እርጥብ ምልክት ትቶበታል።

ሰንጠረዡን አንብባ ጨረሰች። ከዚያ፣ የምትፈልገው መልስ ሌላ እንዲሆን እየተመኘች፣ ወረቀቱን እንደተገለበጠ መልሳ ሰጠቻት።

«እስቲ ከሦስተኛው መስመር ጀምረሽ ድገሚልኝ።»

ፋንቱ ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አኖረች፤ «ረቡዕ፣ ሰሌዳ ማጽዳት» በሚለው ላይ። ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈች፣ «ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ ከቅጠሉ ግን የስንት ቤት እሳት ይነዳል» አለች።

ከዚያ የመምህርቷን ፊት አየች። ጣቷ ቆመ። ወረቀቱን ቀስ ብላ አገላብጣ ተመለከተችው፤ ሁለቱንም ገጽ ተራ በተራ። የቱ የቱ እንደሆነ እንዳልለየች ሐመልማል ገባት።

ከኋላ ልጆቹ ቦርሳቸውን እያንኮሻኮሹ ነበር። ያየ ሰው አልነበረም።

«ተቀመጪ» አለች ሐመልማል።

ከቅጹ ላይ፣ ከሃምሳ ስምንተኛው ስም ትይዩ፣ 118 ብላ ጻፈች። ለምን እንደጻፈችው በኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች። እጇ የሰማውን ጻፈ፣ ብላ ልታመልጥ ሞክራለች። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ደወሉ ሊደወል ነበር፣ ቅጹ አንድም ስርዝ አልነበረበትም፣ እሷም ስርዝ አትወድም። የመጨረሻውን አምድ እንኳ አልተወችውም። «የመምህሩ አስተያየት» በሚለው ሥር «እጅግ ጥሩ፤ ለሌሎች አርአያ» አለች፤ አምናም የጻፈችው ይህንኑ ነው።

ተማሪዎቹ ሲወጡ በመምህራን ክፍል ብቻዋን ቀረች። የሦስት ዓመቱን ቅጽ ከቁም ሣጥኑ አወጣችና መደመር ጀመረች። በዘንድሮው ዝርዝር የመጀመሪያዎቹ ሃያ ተማሪዎች አማካይ ሰባ አንድ ቃል፣ የመጨረሻዎቹ ሃያ ዘጠና ሰባት። አምና ስልሳ ስድስትና ዘጠና። ካቻምናም ያው። በየዓመቱ ስሙ በፈ የሚጀምር፣ በሐ ከሚጀምር ይልቅ ያነባል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ቀድሞም አይታው ነበር። «መጨረሻ ያሉት ተረጋግተው ነው የሚገቡት» ብላ ለባልደረቦቿ አስረድታለች፤ በስብሰባም ተናግራዋለች። ሃምሳ ሰባት ጊዜ ሰምተው እንደሚገቡ አላሰበችም። ሰዓቱን አስተካክላ ነበር፣ ቆጠራውን አስተካክላ ነበር፤ ልጆቹ ጆሮ እንዳላቸው ዘነጋች።

የፋንቱን ደብተር ከክምሩ መዝዛ ገለጠችው። ከክፍሉ የሚበልጥ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ እንደ ተቀረጸ ቆሟል። ከሁለት ወር በፊት ሐመልማል ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ተሳስታ አንድ ቃል በጠመኔ ሰርዛ ነበር። ፋንቱ ቃሉንም ስርዙንም ገልብጣዋለች። በሌላው ገጽ ከመጽሐፉ የቀዳችው አንቀጽ መሐል «ገጽ 43» የሚለው እንደ አንድ ቃል ገብቷል። በዚያ ገጽ ግርጌ በቀይ፣ በሐመልማል በራሷ እጅ፣ «በጣም ንጹሕ» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ አልጻፈችም፤ ሥላለች። ለሰባተኛ ክፍል የሚጠበቀው የንባብ ችሎታ ሁሉ አላት፤ የጎደላት የአንደኛ ክፍሉ ነው።

ይህ ሁሉ ይበቃ ነበር። ሐመልማልን ከወንበሯ ያላስነሣት ግን ሌላ ነገር ነው።

አምና፣ ፋንቱ ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ እናቷ ዓለምነሽ ትምህርት ቤት መጥታ ነበር። ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ጉሊት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ነጠላዋን አስተካክላ በር ላይ ቆማ፣ «መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ማንበብ ትችላለች?» አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመሸጫ ሼድ ለሚፈልጉ ምዝገባ እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳው መጥቶላታል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ለልጇ ሰጠቻት። ፋንቱ ደብዳቤውን አይታ፣ «ገና ነው እማዬ፤ በሚቀጥለው ወር ነው ይላል» አለቻት። ምዝገባው ያበቃው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነበር። ዓለምነሽ ከጎኗ የምትሸጠው ሴት ሼድ ውስጥ ስትገባ እሷ ጃንጥላዋ ሥር ቀረች።

ሐመልማል በጊዜው አላመነታችም። ቅጹን አውጥታ ወደ ሴትዮዋ አዞረችው። ዓለምነሽ ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች።

«ይቺ መቶ አራት ናት?»

«መቶ አራት ቃል በደቂቃ። ከክፍሉ አንደኛ ናት እኮ!»

«እንግዲያ ለእኔ ጊዜ ምን ነካት?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ። «ልጅዎ ማንበብ አቅቷት አይደለም» አለች ሐመልማል። «ለምን እንዳላነበበችልዎት እርስዎ ይጠይቋት። በዚህ ዕድሜ በእናታቸው ሥራ የሚያፍሩ ልጆች አሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቃትም። ከየትም አላየቻትም፣ ከማንም አልሰማቻትም። ዓለምነሽ ግን እንደ ፍርድ ተቀብላት ሄደች፤ ስትሄድ ጀርባዋ መጉበጡን ሐመልማል አሁን ደግማ አየችው።

ዓርብ ጠዋት ለዳይሬክተሩ ለአቶ ካሣዬ ነገረችው። ካሣዬ ደግ ሰው ነው፤ ነገር እንዳይነሣ ብቻ ይፈልጋል። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጣቸው አሥራ ሁለት ተማሪዎች የሚመረጡት ከዚሁ ቅጽ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ሰኞ ይላካል። ፋንቱ በመቶ አሥራ ስምንቷ ከዝርዝሩ አናት ናት። እንዲህ ሆና ስምንተኛ ክፍል ብትገባ፣ ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ተራ የሚጠብቅላት፣ ጮክ ብሎ የሚያነብላት የለም።

«ሐሙዬ፣ ስሚኝ» አለ ካሣዬ መነጽሩን አውልቆ። «አንድ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻዋ አስተምሪያት፤ ማን ይከለክልሻል? ቅጹን ግን አትንኪው።»

«ቁጥሩ ውሸት ነው እኮ ጋሽ ካሣዬ።»

«ይሁና! አንዷን ከነካሽ ሃምሳ ሰባቱስ ይሉናል። ያምናውስ? የካቻምናውስ? ያቺን ሰዓትሽን ለአትሌቲክስ ሰጥተሻት ቢሆን ኖሮ ሜዳሊያ ባገኘንባት። አሁን ልታስበይን ነው?»

ሳትስቅ ቀረች። ግን እሺ አለች። እሺ ስትል ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ቀለል እንዳለላት ልብ ብላለች፤ ያ ቅለት በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ነው።

በዕረፍት ሰዓት ፋንቱን ወደ መጽሐፍ ግምጃ ቤቱ አስጠራቻት። ልጅቷ በሩን ዘግታ በሩ ላይ ተደገፈች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ ቲቸር?»

«ፋንቱ።»

ልጅቷ ወደ ጫማዋ አየች። «ሁለተኛ ክፍል ታምሜ ብዙ ቀረሁ። ስመለስ ሁሉም ያነባሉ። ቲቸሯ በተራ ነበር የምታስነብበን። እኔ መጨረሻ ነኝ፤ ሲደርሰኝ አውቄዋለሁ።»

«ፊደል ትለያለሽ?»

«ግዕዙን እለያለሁ። ካዕብ፣ ሣልስ ምናምን ሲሆን... እግራቸው ይደባለቅብኛል። ስሜን ግን አውቀዋለሁ። ‹ጉለሌ›ንም አውቀዋለሁ፤ መልኩን።»

«ያን ደብዳቤ ስትሰጥሽ ለምን ‹አልችልም› አላልሻትም?»

«እማዬ ለሰው ሁሉ ‹የእኔ ልጅ የተማረች ናት› ነው የምትለው። ስለዚህ... ገመትኩ። ከዚያ ምዝገባው ሲያልፈን ውሸታም አለችኝ። ይሻላል ብዬ ነው ቲቸር። ውሸታም ንስሐ ይገባል። ማንበብ የማይችል ምን ይገባል?»

ሐመልማል ወደ ሥራዋ ሸሸች። «ከነገ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ትመጫለሽ። እኔና አንቺ ብቻ። ከፊደል እንጀምራለን።»

«ቅዳሜ ጉሊት እቀመጣለሁ። እማዬ ያን ጊዜ ነው ዕቃ የምታመጣው። ምን ብዬ ነው የምቀረው?»

«ለንባብ ውድድር ልዘጋጅ ነው በያት...»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ራሷ ሰማችው። ፋንቱም ሰማችው። ልጅቷ ቀና ብላ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ትልቅ ሰው አየቻት።

«ቲቸር፣ ሌላ ውሸት አልፈልግም። ያለፈው ይበቃኛል።»

ውጭ ልጆች ኳስ ግድግዳው ላይ ይመታሉ። ሐመልማል መጻሕፍቱ ላይ ያለውን አቧራ በጣቷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።

«እኔ ልንገራት?» አለች በመጨረሻ። «ስለ አንቺ አይደለም። ስለ ራሴ።»

ፋንቱ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ ግን እዚያ አልቆምም።»

ሐመልማል የዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ዊንጌት ወረደች። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ከኋላ ይገፋታል፣ እግሯ ግን ይጎተታል። የምትለውን በልቧ አራት ጊዜ አስተካክላለች፤ በአምስተኛው ተወችው።

ዓለምነሽ ጃንጥላዋ ሥር ተቀምጣ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ እያደረገች ነበር። ከጎኗ የታክሲው ረዳት «መርካቶ፣ መርካቶ፣ አንድ ሰው!» ይላል።

«ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው እንደፈለገ ነው» አለች ዓለምነሽ እየሳቀች። «እንደምን ዋሉ መምህርት! ሽንኩርት ነው? ለእርስዎማ ደረቁን ከሥር ነው የማወጣልዎት።»

«ሽንኩርት አይደለም ወይዘሮ ዓለምነሽ። ልቀመጥ?»

ሣጥን ገልብጣ ሰጠቻት። ሐመልማል ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አምና ያሳየሁዎት ወረቀት ልክ አልነበረም። ፋንቱ ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር። አሁንም አትችልም። ሌሎቹ ሲያነቡ እየሰማች በቃሏ ትይዘዋለች፤ እኔ አላየሁም። ደብዳቤውን በክፋት አይደለም ያላነበበችልዎት፤ ስላልቻለች ነው። ትችላለች ያልኩዎት እኔ ነኝ። ታፍርብዎታለች ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱን ደግሞ ከየትም አላመጣሁትም፤ ከራሴ ነው።»

የዓለምነሽ እጅ ከሽንኩርቱ ላይ አልተነሣም።

አንዲት ሴት መጥታ፣ «ቃሪያው ስንት ነው?» አለች።

«አይሸጥም።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን ዘረጋሽው?»

«አይሸጥም አልኩሽ እናቴ፤ ሂጂ።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሄደች። ዓለምነሽ ቃሪያውን በላስቲክ ሸፈነችው።

«ያን ቀን ቤት ገብቼ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? ‹በእኔ አፍረሽ ነው አይደል?› አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅኳት። ‹አዎ› አለችኝ። እንዲሁ፣ ‹አዎ›። እሁድ ነፍስ አባታችን ዘንድ ወሰድኳት። ‹በእናቴ አፍሬ ዋሽቻታለሁ ብለሽ ተናዘዢ› አልኳት፤ ተናዘዘች። ሰባት ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት ሰጧት።» ሽንኩርቷን ወዲያ ገፋችው። «ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከፊቷ ቆሜ እቆጥርላት ነበር። እንዳታጎድል ብዬ። ጉልበቷ እስኪላጥ። እኔ ነኝ የቆጠርኩት!»

ሐመልማል ሳትፈልግ አባዛችው። ሰባት ጊዜ አርባ አንድ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።

«ዋሽታስ ዋሽታለች» አለች ዓለምነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ወሩን ፈጥራ ነግራኛለች። ግን የሰገደችው ስለዚያ አይደለም። ባልሠራችው ነው የሰገደችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኮ ጉሊት ስትቀመጥ ፊቷን ነው የማየው፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ታዞር እንደሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን አዙራ አታውቅም። እኔ ግን መፈለጌን አልተውኩም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሐመልማል። ቃሉ ትንሽ ሆኖ ወጣ።

ዓለምነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሣች። «እኔስ ገብቼ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፤ ልጄ ናት። እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«እርስዎ የት ሄደው ነው የሚሰግዱት?»

ስድብ አልነበረም፤ በእውነት የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ሐመልማል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥያቄ ስታወጣ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ አውጥታ አታውቅም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ዓለምነሽ ወደ ሽንኩርቷ ተመልሳ።

«ሦስት ሰዓት።»

«ትመጣለች። ዕቃውን ሌላ ቀን አመጣለሁ።»

ደኅና ይግቡም አላለቻት።

በማግሥቱ ፋንቱ መጣች። ከ«ሀ» ጀመሩ። ሐመልማል በመጀመሪያ ሰዓት ይዛ ልጅቷ ሰምታው የማታውቀውን የሁለተኛ ክፍል ምንባብ ሰጠቻት፤ ፋንቱ በአንድ ደቂቃ ስድስት ቃል አነበበች፤ አንዱ የራሷ ሰፈር ስም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሐመልማል በቅጹ ላይ 118ን ሰርዛ 6 ብላ ጻፈች፤ ከስርዙ አጠገብ ፈረመች። ከተራ ቁጥር ሃያ አንድ ጀምሮ ባሉት ስሞች ትይዩ ሁሉ «እየሰሙ የተፈተኑ ስለሆነ ውጤቱ አይታመንም፤ እንደገና ይፈተናሉ» አለች። ካሣዬ ቅጹን ይዞ መነጽሩን ሲያወልቅ ሲያጠልቅ ቆየ።

«ምነው ሐመልማል፣ ምን አደረግኩሽ?»

«አንተ ምንም አላደረግህም። እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አየሁ፤ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ጽፈሽዋል!»

እንደገና የመፈተኑ ሥራ ሁለት ሳምንት ወሰደ። አንድ በአንድ፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ ምንባቡ እየተለወጠ። ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ አንዱ ቁጥራቸው በግማሽ ወረደ፤ አንድ ልጅ ደግሞ እንደ ፋንቱ ሆኖ ተገኘ። ስሙ በፀ የሚጀምር ነው፤ ያን ወረቀት የገለበጠው ልጅ። ለሐመልማል ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ማኅደሯ ውስጥ እንዲገባ ራሷ ወስዳ ሰጠች።

በአሥረኛው ቅዳሜ ዓለምነሽ ከልጇ ጋር መጣች። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ነበር፤ ሰላምታዋ አጭር ነው። ላስቲኩን ፈትታ፣ በእጥፋቱ ላይ የሳሳ ወረቀት አወጣችና ፋንቱ ፊት አኖረችው። የወረዳው ደብዳቤ ነው። ከዓመት በላይ አስቀምጣዋለች።

«ይቺን አንብቢልኝ።»

ፋንቱ ወረቀቱን አየችው፤ ከዚያ መምህርቷን።

«ቲቸር፣ ሰዓት ይያዙልኝ።»

«አያስፈልግም ፋንቱ።»

«ያስፈልጋል። ይያዙ።»

ሐመልማል ሰዓቱን ጫነች። ዓይኗ የምታርፍበት ቅጂ ስላልነበራት በዚህ ጊዜ የምታየው ልጅቷን ነበር። የፋንቱ ጣት ከቃል ቃል እየተገፋ ይሄዳል፤ ከንፈሯ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ዘግይቶ ይወጣል። ያ የወራጅ ውኃ ድምፅ የለም። ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠች ወንዝ የምትሻገር ልጅ ድምፅ ነው።

«ለ... ወይዘሮ... ዓ... ለም... ነሽ...»

እናትየው ስሟን ስትሰማ ደንገጥ ብላ ቀጥ አለች፤ እንደተጠራ ሰው።

ደቂቃው ሞላ። ሐመልማል «በቃ» አላለችም። ፋንቱም አላቆመችም። ስትሳሳት ትመለሳለች፣ ፊደሉን በጣቷ ትከብባለች፣ እንደገና ትነሣለች። በመጨረሻው መስመር ላይ ብዙ ቆየች።

«...እስከ... ዓ... ርብ... ድረስ።»

ፋንቱ ጣቷን ከወረቀቱ አነሣች።

«ዓርብ ነው የሚለው?» አለች ዓለምነሽ።

«ዓርብ ነው እማዬ።»

ዓለምነሽ ወረቀቱን ወሰደችና በጥንቃቄ አጠፈችው፤ ባረጀው እጥፋት ላይ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጇን ጉልበት በመዳፏ ጠረገች፤ ሐመልማል እንዳየችው አቧራ አልነበረበትም።

«ቲቸር፣ ስንት ሆነ?» አለች ፋንቱ።

«በመጀመሪያው ደቂቃ አሥራ አራት።»

«ይጻፉታ!»

ሐመልማል መዝገቡን ገልጣ 14 ብላ ጻፈች። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ከሱ ቀጥሎ ያለው አምድ «የመምህሩ አስተያየት» ይላል። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ በላይ ይዛ ብዙ ቆየች። እናትና ልጅ ተነሥተው፣ ዓለምነሽ በሩን ከፍታ፣ ፋንቱ «ቻው ቲቸር» ብላ ሲወጡ ገና እንደያዘችው ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደነችው፤ አምዱን ባዶውን ተወችው።